ቁልፉን ማን ያስረክብ?

ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም። በዕድሜ አባቴ የሚሆነው አንጋፋው መካኒካችን «አቦ አንተ ልጅ» ይለኛል፤ እኔም «አንተ» እለዋለሁ፤ ማናችንም አንቀየምም። ስለዚህ ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው ስለ አለቃ ግርማ ሞገስ ሲያወራኝ ሳቄ ይመጣል። ግንቦት ላይ እዚህ ግርማ ሞገስ የሚቆየው እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነው የማስተዳድረው። መካኒክ፣ ኤሌትሪሺያን፣ ጎሚስታ፣ ረዳት፣ ሁሉም ተደምሮ ዘጠኝ ነን። መጀመሪያ ላይ በጩኸት ነበር የምሠራው። ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም፤ ድምፄ ተዘጋ እንጂ ሥራው አልፈጠነም።

ከዚያ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና ተጠግኖ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ መኪና ቦነስ አወጣሁ። ልጆቹ ተነቃቁ! ቀትር ላይ ወደ በርጫ የሚሮጡት ምሳቸውን መኪናው ሥር ይበሉ ጀመር። ሁለት ሳምንት ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሾፌር በባጃጅ መጣ። መኪናውን ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ትቶት ነው። እኛ ሸራ የቀየርንለት ፍሬን ጨሶ እምቢ ሲለው፣ በማርሽ እየያዘና ከዳገቱ ጎን እያሻሸ ነው ያቆመው። አልጮኸብንም። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ውሃ ጠየቀ።

«ማን ነው የሠራው?» አልኩ። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

ማታ አንጋፋው ብቻውን መጣና «አንተ የከፈልከው ለመውጣቱ ነው፤ ወጣልህ» አለኝ።

ቦነሱን በማግስቱ ሰረዝኩት። ሳምንት ሙሉ ተኮረፍኩ። ኩርፊያቸው ግን ስለ ቦነሱ ብቻ አልነበረም። ለካ ሌሊት ተጠርተው ሲመጡ «የሻይ» እያልኩ እንደ ስሜቴ ነበር የምሰጣቸው፤ ደስ ሲለኝ ብዙ፣ ሲከፋኝ ጥቂት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው 1.75 እጥፍ ይከፈል ይላል። እንደዚያ አደረግኩ። ገንዘቡ ከድሮው ብዙም አልበለጠ ይሆናል፤ ፊቴን እያዩ መለመኑ ግን ቀረ።

ትልቁ ለውጥ ቁልፉ ላይ መጣ። ድሮ መኪና ሲያልቅ ለሾፌሩ የማስረክበው እኔ ነበርኩ። የተሠራውን የማስረዳው እኔ፣ ምስጋናውን የምቀበለው እኔ፤ እጁ በግራሶ የጠቆረው ልጅ ከኋላ ቆሞ ያያል። አሁን የጠገነው ሰው ራሱ ከሾፌሩ ጋር መኪናውን ነድቶ ይሞክራል፣ የሠራውን ይናገራል፣ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፣ ቁልፉን ይሰጣል።

በአማርኛ አፉ የሚተሳሰር አንድ ረዳት አለን። ለአንድ የጅቡቲ ሾፌር በሶማሊኛ ስለ ባልስትራው፣ ማለትም ጭነቱን ስለሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ፣ «ይሄ ባልስትራ አዋሽ ያደርስሃል፤ ከዚያ በኋላ ግን አትመነው» ብሎት አረፈው። ደንበኛ አባረረብኝ ብዬ ተበሳጨሁ። ሰውዬው በወሩ ተመልሶ መጣ፤ የጠየቀው ግን ልጁን ነው፤ እኔን ሰላም እንኳ አላለኝም። ትንሽ ቆጨኝ፤ አልዋሽም።

ኩርት ሌዊን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ። አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የ10 ዓመት ልጆችን በእጅ ሥራ ክበብ ሰብስበው ሦስት ዓይነት አለቃ አፈራረቁባቸው፦ ሁሉን የሚያዝ፣ አብሮ የሚመክር፣ እንደፈለጋችሁ ብሎ የሚተው። አዛዡ ከክፍሉ ሲወጣ ልጆቹ ሥራውን ተዉት፤ መካሪው ሲወጣ ግን ቀጠሉ። የእኔዎቹ ሚስት ያገቡ ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ያቺ «ከክፍሉ ሲወጣ» የምትለዋ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ባለፈው ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ አራት ቀን ቆየሁ። ድሮ ስመለስ መኪናው ሥር የጫት ገረባ ነበር የሚቀበለኝ። ዘንድሮ በሦስተኛው ቀን አንድ ሾፌር ደወለና ስድብ አወረደብኝ፤ «ልጆችህ የፍሬኑ ታምቡር ተሰንጥቋል ብለው መኪናዬን አንለቅም አሉ! ልቀቁ በላቸው!»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አልኩት።

«ያ ሶማሊኛ የሚናገረው ልጅ ጋ!»

«እንግዲያው ከሱ ጋር ተነጋገር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።