ግራም ስቆጥር የከረምኩባት አውሮፕላን

ቢጫ ልብሷን ለብሳ፣ ሞተሯ ታስሮላት፣ በጎኗ የሚያልፈው ጥቁር መስመር ተለጥፎ በጎማዎቿ ቆማለች። ገና አልበረረችም። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 2.7 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክንፎቿ ካልተነቀሉ በበር አትወጣም፤ ክፍሉን ወርሳዋለች።

ፓይፐር ጄ-3 ከብ የተባለችው አውሮፕላን አንድ አራተኛ ሞዴል ናት፤ ከመሬት ሆነው በሬዲዮ ይመሯታል። ዋናዋ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የተመረተች ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ናት። ሞዴሏ ዋናዋን መስላ ረጋ ብላ እንድትበር የሚፈልግ ሰው ግን ርዝመቷን በአራት ስላካፈለ ብቻ አይገላገልም፤ የክንፏ ስፋት በ16፣ ክብደቷ ደግሞ በ64 መካፈል አለበት። ዋናዋ ባዶዋን 350 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። በ64 ሲካፈል 5.5 ኪሎ ግራም አይሞላም! ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ጎማው ሁሉ ተጨምሮ ማለት ነው። የእኔዋ ከዚያ ከበድ ትላለች፤ ቢሆንም ያ ቁጥር ሥራው እስኪያልቅ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ጭራው ነው። ከክብደት ማዕከሉ እስከ ጭራው ያለው ርቀት እስከ አፍንጫው ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚረዝም፣ ከኋላ በስንፍና የተተወች አንዲት ግራም ሚዛን ለመጠበቅ ከፊት ሦስት ግራም የእርሳስ ብረት ታስጨምራለች። ስለዚህ የጭራውን ባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት ነው) በየብልቱ እየመዘንኩ ቀላል ቀላሉን መረጥኩ፤ ከተጣበቀ በኋላም በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። መገንባት ማለት መጨመር ይመስለኝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው ግን መቀነስ ነው። አብራሪ ሆኖ የሚቀመጠው አሻንጉሊት እንኳ አልቀረለትም፤ ከትከሻው በታች ተቆርጧል። ዋናዋን ብቻውን የሚያበር ሰው የሚቀመጠው በኋለኛው ወንበር ስለሆነ፣ የእኔም ግማሽ ሰው እዚያው ኋላ ተቀምጧል።

ክንፉን ሳላለብሰው ብዙ ቆየሁ። የጎድን አጥንቶቹ ተሰልፈው፣ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል፤ በእኔ እምነት ከብ ከለበሰችው ይልቅ ያልለበሰችው ታምራለች። ደግሞም ማልበሱ ያስፈራል። ማልበሻው ስስ የፕላስቲክ ፊልም መጀመሪያ ዳር ዳሩን በካውያ ይጣበቃል፣ ከዚያ በሞቃት አየር ሲመታ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ ቀጥ ብሎ የተሠራውን ክንፍ ጠምዝዞ ያስቀረዋል። ከላይ ጥቂት፣ ገልብጦ ከታች ጥቂት፣ እንደገና ከላይ፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለ ሙጫው ብዙ የምለው የለኝም፤ ፈጣኑ በሰከንዶች ይይዛል፣ ጭሱም ዓይን ያስለቅሳል፤ ጭነት የሚበዛበት መጋጠሚያ ሁሉ ግን ኤፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሙጫ ነው የተያዘው።

ሚዛኗን ዛሬ አየሁ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 110 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ ማለትም ከክንፉ ወርድ ሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ በሁለት ጣት ሳነሳት አፍንጫዋን በመጠኑ ዝቅ አድርጋ ቆመች። ዝቅ ማለቷን ወደድኩት፤ አፍንጫዋ የከበደ አውሮፕላን በደንብ አትበርም ይሆናል፣ ጭራዋ የከበደ ግን ጨርሶ አትታዘዝም።

አሁን የቀረው ፍተሻ ነው። ከጀርባዋ ቆሜ የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ወደ ቀኝ ስገፋ የቀኙ ኤለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ይህ ተገልብጦ የተነሳ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከሜዳው ጫፍ አያልፍም፤ ስለዚህ ሌላ ሰውም እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ የሬዲዮው ኃይል ዝቅ ተደርጎ የርቀት ሙከራ ይደረጋል፣ ሞተሩ ጠፍቶም እየሠራም። ነፋስ የሌለበት ጠዋት ሲገኝ መጀመሪያ መሬት ላይ ብቻ አሽከረክራታለሁ። እንዲህ ያለች የጭራ ጎማ ያላት አውሮፕላን ጋዝ ሲሰጣት ወደ ግራ መሳብ ትወዳለች፤ እጄ ረደሩን (አቅጣጫ የሚያዞረውን የጭራ ክፍል) ወደ ቀኝ መያዝ እስኪለምድ ድረስ ጋዙን ሙሉ አልከፍትላትም።