ለባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ሁለት ዓመት አመለከትኩ፤ በሁለተኛው ዓመት የለወጥኩት ይህን ነው

በመጀመሪያው ዓመት 9 ፕሮግራሞች ላይ አፕላይ አደረግኩ። 8ቱ አይሆንም አሉኝ። 9ኛው ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶኝ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ካቆየኝ በኋላ እሱም አይሆንም አለ። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ማመልከቻው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ስለሆነ።) በሁለተኛው ዓመት 6 ቦታ ብቻ ሞከርኩ። 3ቱ ለኢንተርቪው ጠሩኝ፣ 2ቱ ከነሙሉ ወጪው ተቀበሉኝ።

በመካከሉ ውጤቴ አልጨመረም። ትራንስክሪፕቴ ያው ነው፣ በስሜ የታተመ ፔፐርም አልነበረም። የተለወጠው ስለ ሥራዬ የምናገርበት መንገድ ነው። ይህን መጻፍ የፈለግኩት ብዙ ጎበዝ ልጆች ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «በቃ፣ አቅም የለኝም ማለት ነው» ብለው ሲተዉት ስላየሁ ነው። የአቅም ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ማመልከቻዬ የሚጀምረው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሒሳብም ሕክምናም እወድ ነበር» በሚል ነው። ሁሉም አይሆንም ካሉኝ በኋላ ያንን ሁለት ገጽ ይዤ ወደ አንድ የድሮ መምህሬ ሄድኩ። እርሳስ አንስተው ዝም ብለው ማስመር ጀመሩ። ሲጨርሱ «ሌላ ሰው ሊጽፈው የሚችለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሁሉ አስምሬበታለሁ» አሉኝ። ሳይሰመርባቸው የቀሩት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቴ ነበሩ፣ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ አካባቢ የተደበቁ። «እስቲ ከዚህ ጀምሪ» አሉኝ። ለሁለት ቀን ያህል ከፍቶኝ ነበር፤ ከዚያ ትክክል እንደሆኑ ገባኝ።

ነገሩ በዚህ ሙያ ይብሳል። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ አንድ ሙያ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሲገቡ የማይተዋወቁ ሰዎች ያሉበት ትልቅ ቤት ነው። አንዱ ሕዋስ አሳድጎ ሰው ሠራሽ የደም ሥር ይሠራል፣ ሌላው የኤምአርአይ ምስል ቶሎ የሚነሳበትን ሒሳብ ይፈልጋል፣ ሌላው የመገጣጠሚያ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ኃይል ይለካል፣ ሌላው ከአንጎል ሲግናል አንብቦ ሰው ሠራሽ እጅ ያንቀሳቅሳል። «ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማጥናት እፈልጋለሁ» ሲባል ለአንባቢው ምንም አልተነገረውም። ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ አንድ ቀላል ጥያቄ አለው፦ ይህች ልጅ የማን ላብ (የምርምር ቡድን) ውስጥ ትገባለች? መልሱ ከጽሑፉ ካልወጣ፣ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም፣ ማንም «እኔ እወስዳታለሁ» የሚል አይኖርም።

የእኔ ፕሮጀክት ፐልስ ኦክሲሜትር ላይ ነበር። ጣት ላይ ተሰክታ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካዋ ትንሽ መሣሪያ ማለቴ ነው። ሁለት ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች፤ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ እና 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ኦክስጅን ሲይዝ ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይውጣል፣ ያልያዘው ደግሞ ቀዩን። መሣሪያዋ ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ክፍል ለይታ የሁለቱን ሬሾ ታሰላለች፣ ከዚያ ወደ ፐርሰንት ትቀይረዋለች። ሐሳቡን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመነጨው ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ ነው፤ አሁንም ድረስ በቀላልነቱ እደነቃለሁ። እኔ የሠራሁት ሰው ሲንቀሳቀስ ሲግናሉ ላይ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣራ አልጎሪዝም ነበር።

አልጎሪዝሙ ጥሩ የሠራው ሲግናላቸው ጠንካራ በሆነ ሰዎች ላይ ነው። ጣታቸው ቀዝቃዛ በሆነና የደም ዝውውራቸው ደካማ በሆነ ሰዎች ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥ ነበር፣ ያውም ምንም ጥርጣሬ ሳያሳይ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ደበቅኩት። ድክመት መሰለኝ። በኋላ ግን በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣውን ጥናት አነበብኩ። በፐልስ ኦክሲሜትር ሲለኩ ሳይታይ የሚያልፈው የኦክስጅን ማነስ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጭ ታካሚዎች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። መሣሪያዋ ሁሉንም ሰው እኩል አታይም ማለት ነው። ያን ጊዜ የእኔ «ድክመት» የምር ጥያቄ ሆነ፦ መሣሪያዋ ስትሳሳት መሳሳቷን ራሷ እንድታውቅ ማድረግ ይቻላል ወይ? አዲሱ ስቴትመንቴ (ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ጽሑፍ) የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ምን ሠራሁ፣ የት ላይ አልሠራ አለ፣ ለምን ይመስለኛል፣ ቀጥሎ ምን ልሞክር እፈልጋለሁ። ስለ ልጅነቴ አንድም ቃል የለበትም።

ጥያቄው ከተገኘ በኋላ ላብ መፈለግ በጣም ይቀላል። በመጀመሪያው ዓመት ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ነበር የተነሳሁት። በሁለተኛው ከፔፐሮች ተነሳሁ። በጉዳዩ ላይ ወደ 30 የሚሆኑ ፔፐሮች አወረድኩና የመጨረሻውን ስም አየሁ፣ በዚህ ሙያ አብዛኛውን ጊዜ የላቡ ኃላፊ እሱ ስለሆነ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስም፤ ሥራውን የሠራው ተማሪ እሱ ነው፣ ዛሬ የት እንደደረሰም ማየት ይቻላል። የአሜሪካ ላብ ከሆነ ደግሞ ኤንአይኤች ሪፖርተር የሚባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ ዳታቤዝ ተጠቀሙ። የፕሮፌሰሩን ስም ስታስገቡ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) ያገኘው ገንዘብ ለምን ሥራ እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ ያሳያችኋል። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ የሚያልቅበት ላብ አዲስ ተማሪ ለመውሰድ ያመነታ ይሆናል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ልፋት ይቆጥባል።

እግረ መንገዴን፦ የምትፈልጉት ሰው ባዮሜዲካል ዲፓርትመንት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ኤሌክትሪካል፣ መካኒካል ወይም ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የባዮሜዲካል ተማሪ የሚወስድ ብዙ ነው። አወቃቀሩም ይለያያል። ለምሳሌ የጆርጂያ ቴክና የኤመሪ ዲፓርትመንት የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ነው፤ የጆንስ ሆፕኪንሱም በሕክምናና በኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶቹ ሥር በጋራ ያለ ነው።

አገባቡም አንድ አይደለም፣ እኔም ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በአሜሪካ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ኮሚቴው ይቀበላችሁና በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላብ እየዞራችሁ ሠርታችሁ ትመርጣላችሁ፤ ሮቴሽን ይሉታል። በሌሎቹ ደግሞ ከመጀመሪያው አንድ ፕሮፌሰር «እኔ እወስዳታለሁ» ማለት አለበት። በሁለተኛው ዓይነት ቦታ ቀድሞ ኢሜይል አለመጻፍ ትልቅ ስህተት ነው፣ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሠርቼዋለሁ። በአውሮፓ ብዙ ቦታ የፒኤችዲ ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ማስተርስም አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሄደው የማሪ ስክሎዶቭስካ-ኪዩሪ ዶክትሬት ኔትወርክ ላይ የምትሞክሩ ከሆነ የመኖሪያ ደንቡን አስቀድማችሁ እዩ፤ ከመቀጠራችሁ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በዚያው አገር ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ ወይም ተምራችሁ ከሆነ አይቀበሉም።

ኢሜይሉን በተመለከተ። 14 ሰው ጋ ጻፍኩ፣ 6 መለሱልኝ። እያንዳንዱ ኢሜይል ከስድስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፦ ማን እንደሆንኩ፣ ከእሱ ፔፐር ውስጥ የቱ ነገር ጥያቄ እንደፈጠረብኝ፣ እኔ የሠራሁት ከዚያ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይወስድ እንደሆነ። ሲቪ አያይዤ በቃ። ሁለቱ «በዚህ ዓመት አልወስድም» አሉኝ፣ እኔም ከልቤ አመሰገንኳቸው፤ እዚያ ላጠፋው የነበረውን ሳምንት አትርፈውልኛል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ ከዚያ ተዉት። አንድ ዓይነት ኢሜይል ስም ብቻ እየቀየራችሁ አትላኩ። ያስታውቃል።

የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ሦስት ነው የሚጠየቀው። በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ስም ያላቸውን መረጥኩ፤ አንደኛው ከክፍል ውጤቴ በቀር ምንም የሚያውቁት አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት በእሳቸው ቦታ የላብራቶሪ ኃላፊያችንን ለመንኩ። ማዕረጋቸው ዝቅ ይላል፤ ግን ሴንሰሩ አልሠራ ብሎኝ ለሦስት ሳምንት ስለፋ አጠገቤ ነበሩ፣ ችግሩ ከመሬት ሽቦው እንደሆነ ሳገኝም አይተዋል። እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው ደብዳቤን ደብዳቤ የሚያደርገው። ለሦስቱም ከሁለት ወር በፊት ነገርኳቸው፣ ሲቪዬንና ረቂቅ ስቴትመንቴን ሰጠኋቸው፣ የእያንዳንዱን ፕሮግራም መዝጊያ ቀን በአንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች በዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ መጠየቅ ቀደመ አይባልም።

ጂአርኢ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ቀርቷል፤ የየፕሮግራሙን ገጽ ማየት ብቻ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ለሚከብደው ሰው ነጻ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም፣ ጥያቄውም ከመዝጊያው ቀን ቀደም ብሎ ነው የሚቀርበው። አንድ መጥፎ ውጤት ካላችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱና እለፉ።

ኢንተርቪው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በቃሉ አጥንቶ ይገባል። እኔም አጥንቼ ነበር። በአንዱ ቦታ ከ5 ፕሮፌሰሮች ጋር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተነጋገርን። ሦስተኛዋ ማርከር ሰጥታኝ ሲግናሉን ሰሌዳው ላይ አሳለችኝ፣ ከዚያ «ታካሚው እጁን ሲያወዛውዝ ረብሻው ሁለቱንም ብርሃን እኩል ቢመታው መሣሪያዋ ስንት ታሳያለች?» አለችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም አልኳት፤ ግን ድምፄን እያሰማሁ ላስብ ብዬ ጀመርኩ። ረብሻው ሁለቱንም እኩል ካገኘ ሬሾው ወደ 1 ይጠጋል። ለግምት የሚጠቀሙበት ቀላል ቀመር ከ110 ላይ የሬሾውን 25 እጥፍ መቀነስ ነው። ስለዚህ 85 ፐርሰንት። ጻፍኩት። ለካ ሲግናል ሲበላሽ መሣሪያዋ ወደ 85 አካባቢ የምትሄደው ለዚህ ነው! ሁለት ዓመት ስሠራበት ያን ቁጥር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እሷም ደስ አላት፣ እኔም በጣም ደስ አለኝ፣ የቀረውን ጊዜ ስለዚሁ ስናወራ አለቀ። አሁን አማካሪዬ እሷ ነች።

ሌሎቹም የጠየቁኝ በአብዛኛው በዚህ መስመር ነው። ውጤትሽ ለምን ትክክል ነው ብለሽ አመንሽ? ተጨማሪ ስድስት ወር ቢሰጥሽ ምን ትለውጪ ነበር? ይህን በቃል ማጥናት አይቻልም፤ የራስን ሥራ እንደ ሌላ ሰው ሥራ እየነቀፉ ደጋግሞ ማንበብ ነው የሚያዋጣው።

ሁለቱ ሲቀበሉኝ ለመምረጥ የረዱኝ ተማሪዎቹ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በሌለበት ከየላቡ ሁለት ሁለት ተማሪ አነጋገርኩ። ሰው ስንት ዓመት ይቆያል? ሙከራ ሲከሽፍ አማካሪው ምን ይላል? ላቡን ትቶ የሄደ አለ ወይ፣ ለምን? በአንደኛው ላብ ለመጨረሻው ጥያቄ ዝምታ ነበር መልሱ፣ እኔም ልብ አልኩት። ገንዘቡንም በደንብ ጠየቅኩ፦ ስንት ዓመት ዋስትና አለ፣ ከማን ነው የሚከፈለው፣ የአማካሪዬ ገንዘብ ቢቋረጥ ዲፓርትመንቱ ይሸፍናል ወይ። ከውጭ አገር ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቲ32 የሚባለው የኤንአይኤች የሥልጠና ገንዘብ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፣ ስለዚህ «ተማሪዎቻችን በሥልጠና ገንዘብ ይሸፈናሉ» ሲሏችሁ እናንተን ይመለከት እንደሆነ ጠይቁ።

ብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ፈንድ ያለው ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15 እንዲያስብበት ይፈቅዳሉ። እኔ ማርች 20 ላይ ወሰንኩ። የመረጥኩትን ፕሮግራም እሺ ካልኩ በኋላ በዚያው ምሽት ለሌላኛው ጻፍኩ፤ ስላመኑብኝ አመስግኜ ቦታውን እንደለቀቅኩ ነገርኳቸው። ዓምና እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በየጠዋቱ ኢሜይሌን እየከፈትኩ የጠበቅኩትን አልረሳሁትም፣ በዚያ ዝርዝር ላይ ያለ ሌላ ሰው አንድም ቀን ተጨማሪ እንዲጠብቅ አልፈለግኩም። ከዚያ ሦስቱ ደብዳቤ ጸሐፊዎቼ ጋ ደወልኩ። በእርሳስ ያሰመሩልኝ መምህሬ ጋ ግን ስልክ አልበቃኝም፤ ሁለቱን ስቴትመንቶች አትሜ ይዤላቸው ሄድኩ።