ይህች ደብዳቤ በእጄ አላለፈችም

ለሚጻፍለት ጥያቄና ትእዛዝ በጽሑፍ የሚመልሰው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ፣ ቻት ጂፒቲ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም የማያውቅ ሠራተኛ በቀጣዩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ወደ ኋላ እንደሚቀር በመሥሪያ ቤታችን ይወራ ጀመር። ወሬው ውሎ አድሮ በደብዳቤ ጸና። እኔ የቅሬታ ክፍሉ ሪፖርት አዘጋጅ ነኝ፤ ውዬ የማድረው ከጽሑፍ ጋር ስለሆነ ለውጡ ቀድሞ የሚደርሰው ወደ እኔ መሆኑ ገብቶኝ፣ አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ በኢንተርኔት ሥልጠና ተከታተልሁ። ለመሣሪያው ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍና ረጅም ጽሑፍ እንዴት እንደሚያሳጥር ተምሬ የምስክር ወረቀት ተቀበልሁ።

በሩብ ዓመቱ የገቡትን 412 የደንበኞች ቅሬታ ደብዳቤዎች በዓይነት ለይቶ ለማኔጅመንት ማቅረብ የእኔ ድርሻ ነበር፤ በእጅ ሲሠራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የደንበኞቹን ስምና ስልክ ካወጣሁ በኋላ ጽሑፎቹን በተከታታይ ለመሣሪያው አስገባሁና፣ ደብዳቤዎቹ 412 መሆናቸውን ነግሬ፣ በስድስት ዓይነት እንዲከፍላቸው፣ ብዛታቸውን እንዲያስቀምጥና ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ገላጭ ጥቅስ እንዲያወጣ አዘዝሁት። ሪፖርቱ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ አለቀ። ሠንጠረዡ ያማረ፣ አማርኛውም የተስተካከለ ነበር። ኃላፊዬ አገላብጠው ካዩት በኋላ «ከዘመኑ ጋር መራመድ እንዲህ ነው» አሉኝ፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ቁጥር ለማግኘት በመዝገብ ቤት ያልፋል። የመዝገብ ቤቷ ባልደረባችን በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ የሚገባውን ደብዳቤ ሁሉ ራሳቸው ከፍተው፣ አንብበውና በመዝገብ አስፍረው የሚመሩ ሴት ናቸው። በማግስቱ ሪፖርቱን ስሰጣቸው ማኅተሙን ከማንሳታቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው አንድ ጥቅስ ላይ ቆመ፦ «ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሰሚ አጣሁ፤ በአራተኛው የመጣሁት እንባዬን ይዤ ነው።»

«ልጄ፣ ይህን የጻፈው የትኛው ደንበኛ ነው?»

«ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ያለ ነው እትዬ፤ መሣሪያው ነው ያወጣው።»

«ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁህም። ይህች ደብዳቤ በእጄ አላለፈችም።»

ያን ጊዜ የመለስሁላቸው መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «አራት መቶ ደብዳቤ በቃልዎ ይዘዋል?» አልኋቸው፤ ድምፄም ከፍ ያለ ነበር። እሳቸው አልተቆጡም። የሒሳብ ማሽናቸውን ሳቡና የሠንጠረዡን ስድስት መስመሮች አንድ በአንድ ደመሩ፤ 389 መጣ። ከታች የተጻፈው ግን 412 ነበር። ማሽኑን ወደ እኔ አዙረው «ሃያ ሦስቱን ምን በላቸው?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ያን ዕለት ማታ የሥልጠና ማስታወሻዬን ገልጬ ሳነብ መልሱ እዚያው ነበር። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚሠሩባቸው የቋንቋ ሞዴሎች (ከብዙ ጽሑፍ የተማሩ ፕሮግራሞች) የቆሙት የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ትራንስፎርመር በተባለው አሠራር ላይ ነው፤ ሥራቸውም ከፊታቸው ካለው ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን የቃል ቁራጭ መተንበይ እንጂ እንደ ሒሳብ ማሽን መደመር አይደለም። 412 የሚለውን ድምር የጻፈው ቆጥሮ ሳይሆን እኔው ስለነገርሁት ነው። በአንድ ጊዜ የሚያየው ጽሑፍም ገደብ አለው፤ በፊደላችን የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ በብዙዎቹ ሞዴሎች ዘንድ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁራጭ ስለሚበጣጠስ ገደቡን ቶሎ ይሞላል፤ ያኔ ቀድሞ የገባው ደብዳቤ ከእይታው ሊወጣ ይችላል። ጥቅሱም ባለሙያዎች «ቅዠት» የሚሉት፣ መሣሪያው የሌለውን እንዳለ አድርጎ የፈጠረው ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 አንድ የኒውዮርክ ፌደራል ዳኛ፣ ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ያቀረቡ ሁለት ጠበቆችን ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር እንደቀጣ በዚያው ሥልጠና አንብቤ ነበር፤ ሳነበው ግን የሰዎቹ ቸልተኝነት ብቻ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ሥልጠናው ስለ ስሕተቱ ቢነግረኝም፣ በአራት ወር ውስጥ አንድም ጊዜ የመሣሪያውን መልስ ከምንጩ ሰነድ ጋር አመሳክሬ እንዳመጣ አላዘዘኝም፤ ቅሬታ ካለኝ በዚህ ነው።

ሪፖርቱን ከኃላፊዬ መልሼ ወስጄ እንደገና ሠራሁት። ደብዳቤዎቹን ሃያ ሃያ አድርጌ አስገባሁ፤ በእያንዳንዱ መስመር የመዝገብ ቁጥሩን እንዲጽፍ አዘዝሁ፤ መሣሪያው እንዲለይ ብቻ አድርጌ ቆጠራውን በኤክሴል ሠራሁ፤ ጥቅሶቹንም ከዋናው ደብዳቤ በዓይኔ እያየሁ ገለበጥሁ። ሦስት ቀን ፈጀ። ከሁለት ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያውን አልተውሁትም፤ እንዲተው የሚመክሩኝንም አልሰማቸውም።

ከወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማሠልጠን ስም ዝርዝር እንዳቀርብ ጠየቀኝ። የመዝገብ ቤቷን ባልደረባችንን በመጀመሪያው ተራ ላይ ጻፍሁ፤ ስሕተቱን ያገኙት እሳቸው መሆናቸውንም በማብራሪያው ገለጽሁ። ዝርዝሩ ሲመለስ ስማቸው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከጎኑ «የኮምፒውተር ዕውቀት የላቸውም» የሚል ተጽፎበት ነበር። በቃልም በጽሑፍም ተከራከርሁ፤ አልተሳካልኝም።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ እሳቸው ቢሮ አብረን እንቀመጣለን። እኔ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ደንበኛ ሲያዝን እንዴት እንደሚጽፍና ሌላ ሰው አጽፎት ሲመጣ በምን እንደሚለይ ያሳዩኛል። ያለፈው ሳምንት የሰጠኋቸውን ሠንጠረዥ ሲመልሱልኝ ሦስት መስመሮች ላይ በእርሳስ አስምረውበት ነበር። ሁለቱ ስሕተት ሆነው ተገኙ፤ በሦስተኛው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።