ከክትክታው ሥር

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጠዋት መውረድና ማታ መውጣት እንደ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በክረምት ጉሙ መንገዱን ሲጋርደው የሚኒባሱ ሾፌር መብራቱን አብርቶ፣ የፊት መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ፣ ጠመዝማዛውን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የዕለቱን ሥራ ገና ቢሮ ሳልገባ በሐሳቤ ሠርቼ፣ ተሳስቼ፣ ተወቅሼበትም እጨርሳለሁ። ደሴ ላይ ለብርዱ የደረብኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ደርሼ ሳወልቅ ትከሻዬ እንደ እንጨት ደርቆ አገኘዋለሁ።

የአንድ ድርጅት የሠራተኞች ደመወዝ የሚዘጋጀው በእኔ እጅ ነው። ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ አንዲት የተዛባች ቁጥር የአንድን ቤተሰብ የወር አስቤዛ ልታጎድል እንደምትችል እያሰብኩ ነው የምሠራው። በዚያ ላይ የአባቴ የስኳር ሕመም አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የታናሽ ወንድሜ ሥራ ማጣት አለ። ከእነዚህ አንዱም ለብቻው ሰው የሚጥል ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየነቃሁ እስኪነጋ ጣራ ጣራ ማየት ለመድኩ። ይባስ ብሎ «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ስለማውቀው፣ መጨነቄ ራሱ ትእዛዝ እንደ መጣስ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። «ጸሎት ቢኖርሽ እንዲህ አትሆኚም» ያሉኝ ሰዎችም ነበሩ። ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ ሆኖም ይህ አነጋገር ለደከመ ሰው ሌላ ሸክም ከመጨመር በቀር ያደረገልኝ ነገር የለም።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ «አባ፣ እምነቴ ደክሟል» አልኳቸው። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? እራትሽንስ በወጉ ትበያለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከዚያም በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ያለውን የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ አነሡልኝ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። የዕብራይስጡ ዛፍ ሌላ ዓይነት ቁጥቋጦ መሆኑን ባውቅም፣ እኔ ክትክታ ሲባል የሚታየኝ በከተማችን ዙሪያ ባለው ገደላ ገደል የሚበቅለው፣ እናቴ ለማገዶ የምትጠቀምበት ክትክታ ነውና ነቢዩን እዚያው ደጃችን ላይ ተቀምጦ ያየሁት ያህል ተሰማኝ።

አባ እንዳስተውለው የፈለጉት ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነበር። መልአኩ አልገሠጸውም፤ «እሳት ያወረድክ ሰው እንዴት ትፈራለህ?» አላለውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ አሁንም ያለው «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» ነው። እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው እንቅልፉን ከጠገበ፣ ሁለት ጊዜ ከበላ፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ለራሴ የማቀርበው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ በባዶ ሆዴ ነበር።

አባ ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴን እንድለካ አዘዙኝ፤ ተለካሁ። ለጸሎቱ ደግሞ ያሰብኩትን ያህል አላበዙብኝም፤ ጠዋት ከዳዊት አንድ ንጉሥ አድርሼ እንድወጣ ብቻ ነገሩኝ። ለማያውቀው ለመግለጽ ያህል፣ አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ መቶ ኀምሳው መዝሙርም 15 ንጉሥ ይሆናል። ዳዊትን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም ምን ያህል እሮሮ እንዳለበት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ገና ሁለተኛው ንጉሥ ላይ፣ በ12ኛው መዝሙር፣ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። እንዲህ ያለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ውስጥ ተሰድሮ ለዘመናት ሲደገም ከኖረ፣ እኔ ጭንቀቴን ከእግዚአብሔር የምደብቅበት ምክንያት አልታየኝም። በ41ኛውና በ42ኛው መዝሙር ደግሞ ባለመዝሙሩ ሦስት ጊዜ ወደ ገዛ ነፍሱ ዞሮ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» ይላታል። ነፍሱን አይቆጣትም፣ እንደ ታናሽ እኅት ያነጋግራታል። ሐረጎ ላይ ሐሳቤ ሲሮጥብኝ እኔም እንዲሁ ማለት ጀመርኩ።

ሁሉም ነገር ተቃና ለማለት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ስጾም ሥራ ከበዛብኝ ለሰው የምመልሰው መልስ እንደሚሻክር የቢሮ ባልደረቦቼ ያውቃሉ፤ ይህን ለአባም ተናግሬያለሁ። በሚኒባስ ውስጥ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ስል ቁጥሩ መሐል ላይ የጠፋብኝ ቀን ካልጠፋብኝ ይበልጣል።

አንድ ወር የፈራሁት ደረሰ፤ የአንዲት ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀድሞ ቢሆን ሌላ ሰው እስኪያገኘው ድረስ በፍርሃት እጠብቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን እኔው ወደ ሥራ ቦታዋ ሄጄ ስሕተቱን ነገርኳት፣ በማግስቱም አስተካክዬ አስከፈልኳት። ሙስሊም ናት። ፊቴን አይታ «አብሽሪ» አለችኝ። ይህችን ቃል እኛ ወሎዬዎች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንላታለን፤ ያን ቀን ግን ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ሆኜ ሳለ ተጽናንቼ ተመለስኩ።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ አንዲት ቃል ደግሜ ማንበቤ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ «በአንዳች አትጨነቁ» ብቻ ብሎ አላቆመም፤ «በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ» ይላል። «አስታውቁ» የሚለው ቃል ለሒሳብ ሠራተኛ የሚገባ ቃል ነው። ያለውን ዘርዝሮ ለሚመለከተው ማቅረብ ነው እንጂ መፍትሔውንም አብሮ ማቅረብ አይጠይቅም። ስለዚህ እሑድ ማታ የሳምንቱን ጭንቀቶቼን በተጣለ የደመወዝ ወረቀት ጀርባ ላይ በተራ ቁጥር ጽፌ፣ ስለተደረገልኝም ነገር አንድ ሁለት መስመር ጨምሬ፣ አንብቤ ጸልዬበት ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሌሊት ከነቃሁ «እርሱ ተመዝግቧል» እላለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ተመልሼ እተኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዳዊቱን ስገልጥ ከአምስት ወር በፊት የጻፍኩት ወረቀት ወደቀ። ስምንት ተራ ቁጥር ነበረው። አራቱ አልፈዋል። በሁለቱ ላይ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ራሴም ማስታወስ አቃተኝ፤ «የሰኞው ነገር» ይላል አንዱ። ሰባተኛው የወንድሜ ሥራ፣ ስምንተኛው የአባቴ ስኳር ነው። እነዚያን ሁለቱን ወደ አዲሱ ወረቀት ገልብጬ፣ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።