ከበግ መንጋጋ እስከ ቾሮራ፦ አምስተኛ ወር

የጥንተ ሰው ቅሪተ አካል ማጥናት ከጀመርኩ አምስተኛ ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እዚሁ አገራችን የተገኙ ቅሪተ አካላትን ዕድሜ ስሸመድድ አሳለፍኩ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ሰላም 3.3፣ አርዲ 4.4። ግን አንድ አጥንት አሳይቶ «ይሄ የማን ነው?» የሚለኝ ቢመጣ መልስ የለኝም። ስለዚህ ትቼው ወደ ጥርስ ዞርኩ። ጥርስ ከአካላችን ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ሌላው ሲበሰብስ እሱ ይተርፋል።

እዚህ አዳማ፣ ሰፈሬ ካለ ሥጋ ቤት የበግ መንጋጋ ለምኜ ወሰድኩ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ቶሎ ይጽዳ ብዬ በረኪና ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ስነካው አጥንቱ ይፈረፈራል። በጣም አዘንኩ። ሁለተኛውን በውሃ ብቻ ዘፈዘፍኩት። ውሃውን እየቀያየርኩ ሳምንታት ጠበቅኩ፣ ሥጋው ራሱ ለቀቀ። የምትሞክሩ ካላችሁ ጓሮ አድርጉት፣ ሽታው አያስቀምጥም።

የበግ መንጋጋ ጥርስ ላዩ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሹል መስመሮች አሉት፤ ሣር መፍጫ ነው። ቀጥሎ መስታወትና የስልክ መብራት ይዤ የራሴን አፍ አየሁ። ከታች፣ የመጀመሪያው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ላይ አምስት ጉብታ ቆጠርኩ። የዝንጀሮ፣ የጦጣና የጉሬዛ በዚያው ቦታ አራት ነው፤ ሁለት ሁለቱ በአግድም ሸንተረር ተያይዘዋል። የጎሪላና የቺምፓንዚ ግን እንደኛው አምስት ነው። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! በገዛ አፌ ሳየው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ያን ማታ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆየሁ።

ቾሮራ ላይ የተገኘው ቅሪተ አካል የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ቦታው ከአዋሽ ከተማ ብዙም አይርቅም፤ ከእኛ በዚያው በምሥራቁ መንገድ ነው። ዶክተር ብርሃነ አስፋው ያሉበት የኢትዮጵያና የጃፓን ተመራማሪዎች ቡድን እዚያ ዘጠኝ ጥርሶች አገኘ። አንድ ክራንቻ፣ ስምንት የመንጋጋ ጥርስ፤ በቃ። የጥርሶቹን ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ ብለው አስተዋወቁት። የጥርሶቹ መጠን ከጎሪላ ጋር ይመሳሰላል፤ ጉብታዎቹም ቃጫማ ቅጠልና ግንድ ለመቆራረጥ ወደሚመች ቅርጽ ያደላሉ። ስለዚህ የጎሪላ የቅርብ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እኔ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። የማይዛመዱ እንስሳትም አንድ ዓይነት ምግብ ከበሉ ጥርሳቸው ሊመሳሰል ይችላል። ግኝቱን ግን በጣም ነው የምወደው፤ ከዚያ ዘመን አፍሪካ ውስጥ የተገኘ የጎሪላና የቺምፓንዚ ወገኖች ቅሪት እጅግ ጥቂት ነው።

ዕድሜውም ተቀይሯል። መጀመሪያ ከ10 እስከ 10.5 ሚሊዮን ዓመት ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዐለቱ እንደገና ተለክቶ ወደ 8 ሚሊዮን ወረደ። የሚለካው ጥርሱ አይደለም፤ ከላይና ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ባሉት ክሪስታሎች ያለው ፖታሲየም በዝግታ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ዕድሜውን ይናገራል።

ይሄን ካወቅኩ ወዲህ በአዳማ ዙሪያ መንገድ ሲቆረጥ የሚታየውን ነጭ የአመድ ንብርብር ዝም ብዬ አላልፍም። በሚቀጥለው ወር ወደ አዋሽ ወርጄ ንብርብሮቹን በደብተሬ ልስል ነው። ማየትና መሳል ብቻ፤ ያለ ፈቃድ ቅሪተ አካል ማንሳት ክልክል ነው። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ቅዳሜ ማለዳ እንነሳ።