በደሴቶች ውዝግብ ላይ ለምትጽፉ፦ ከንድፈ ሐሳቡ አትጀምሩ

የመመረቂያ ጽሑፌን በትናንሽ ደሴቶች የይገባኛል ውዝግብ ላይ ነው የሠራሁት። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ነገር በተረፈኝ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ርዕስ መምረጥ ቀላል ነው። ምንጭ ማግኘትም አያስቸግርም፤ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች በነፃ ይነበባሉ። መከራዬን ያየሁት የንድፈ ሐሳቡ ምዕራፍ ላይ ነው።

የገምጋሚዎቹ መመሪያ መጀመሪያ አንድ ንድፈ ሐሳብ ምረጡ፣ ጉዳያችሁን በእሱ ተንትኑ ይላል። እሺ ብዬ ሪያሊዝምን፣ አገሮችን የሚያንቀሳቅሳቸው ጥቅምና ኃይል ነው የሚለውን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳብ፣ ያዝኩ። ጉዳዬ ጃፓን ሴንካኩ፣ ቻይና ዲያዩ የሚሏቸው ደሴቶች ነበሩ። መጀመሪያ ሁሉም ገጠመልኝ። በ1968 የተካሄደ ጥናት አካባቢው ነዳጅ ሊኖረው እንደሚችል ጠቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ታይፔና ቤይጂንግ የእኛ ናቸው አሉ። ጥቅምና ኃይል፣ አለቀ።

2012 ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ኤፕሪል ላይ የቶኪዮ ገዥ ሺንታሮ ኢሺሃራ ደሴቶቹን ከግል ባለቤታቸው ለከተማው እገዛለሁ አሉ። የጠቅላይ ሚኒስትር ኖዳ መንግሥት ደግሞ እሳቸው ገዝተው ነገሩን ከሚያባብሱት ብሎ ሴፕቴምበር ላይ ሦስቱን ራሱ ገዛ። ለማብረድ ነበር። ቻይና ውስጥ ግን ሰልፉ በየከተማው ፈነዳ፤ የጃፓን መኪኖችና ሱቆች ተሰባበሩ። ሰልፉ የከረረው ሴፕቴምበር 18 ነው፤ በ1931 ጃፓን ማንቹሪያን ለመውረር ሰበብ ያደረገችው የሙክደን ክስተት የሚታሰብበት ዕለት። ከባህሩ ሥር ያለው ነገር ያው ነው። ሕዝቡን ያስወጣው የታሪክ ቁስል፣ ጉዳዩን የቀሰቀሰው የቶኪዮ የውስጥ ፖለቲካ ነው። ስለዚህ ኮንስትራክቲቪዝምን፣ ማንነትና የታሪክ ትዝታም አገሮችን ይመራል የሚለውን ንድፈ ሐሳብ፣ ጨመርኩ።

ምዕራፉ «ንድፈ ሐሳብ ተደባልቋል» ተብሎ ተመለሰ። ኮንስትራክቲቪዝሙን አወጣሁት። አሁን ደግሞ «ትንታኔው 2012ን አያብራራም» አሉኝ። እነዚያው ሰዎች! እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰው ወራቱን የሚያባክነው እንዲህ ባለ መመሪያ ነው።

እኔ የምላችሁ የመመሪያውን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የክስተቶቹን የጊዜ ቅደም ተከተል ጻፉ። ከዚያ ውዝግቡ ለምን በዚያ ዓመት ጋለ፣ ለምንስ ሌላ ጊዜ ተኛ ብላችሁ ጠይቁ። ንድፈ ሐሳቡን መልሱ ይጠራዋል።

ሕጉንም አትዝለሉ። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ የተካሰሱባቸው ሁለቱ ደሴቶች፣ ሊጊታንና ሲፓዳን፣ በ2002 ለማሌዥያ የተፈረዱት እኮ ቅኝ ገዥዋ ብሪታንያ የኤሊ እንቁላል አሰባሰብን ስለተቆጣጠረችና የወፎች ጥብቅ ሥፍራ ስለከለለች ነው። የኢንዶኔዥያ ግዝፈት ፍርድ ቤቱ ፊት ምንም አልፈየደላትም። ይህን አንቀጽ ቁረጠው ተብዬ እምቢ ብያለሁ፤ ከጽሑፌ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

በመጨረሻ፣ በየደሴቱ ዙሪያ የ200 ማይል ክብ ከመሳላችሁ በፊት የ1982ቱን የባህር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 121 አንብቡ። ሰው ሊኖርበት ወይም የራሱ ኢኮኖሚ ሊኖረው የማይችል ቋጥኝ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና፣ ማለትም የባህሩን ሀብት ብቻ የመጠቀም መብት የሚሰጠው ያ የ200 ማይል ክልል፣ የለውም። በ2016ቱ የደቡብ ቻይና ባህር የግልግል ዳኝነት በተፈጥሮ ከተገኙት የስፕራትሊ ደሴቶች ትልቁ ኢቱ አባ እንኳ ቋጥኝ ተብሏል። እኔ ካርታዬን እንደገና የሣልኩት ጽሑፉን ላስረክብ ስል ነው።