«የነዳጅ ፔዳሉም ደርቋል»

ጋራዣችን ካራ ነው። ወደ ለገጣፎ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ክረምት ላይ ግቢው ጭቃ በጭቃ ይሆናል፣ ብርዱም አይጣል ነው። በብዛት የሚመጡልን ቪትዝ፣ ኮሮላና ሚኒባስ ናቸው። ቮልስ ስትመጣ ግን ደስ ይለኛል። ሙያውን የለመድኩት በቮልስ ነው። ድምጿን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ይቺኛዋ ክሬም ቀለም ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 ሞዴል፣ 1300 ሞተር፣ 12 ቮልት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። መኪናዋን የገዟት ሟች ባለቤታቸው ነበሩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘዋት መጡ።

«ልጄ፣ አንዳንዴ ቁልፉን ስጠመዝዝ ወዲያው ትነሳለች። አንዳንዴ ደግሞ ጭጭ ትላለች። ከተገፋች ግን አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። የነዳጅ ፔዳሉም ደርቋል፣ እግሬን እያመመኝ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያውን በደንብ ሰማሁ። የመጨረሻውን አልሰማሁትም። ሰምቻለሁ፣ ግን «ካቦ ነው፣ በኋላ እናየዋለን» ብዬ አለፍኩት። ካቦ የምንለው ፔዳሉን ከካርቡራተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን የብረት ገመድ ነው። እሳቸው ግን በዚያች አንዲት አረፍተ ነገር በሽታውን ነግረውኝ ነበር።

እኛ አገር «መኪናዬ አልነሳ አለች» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ማለት ነው። አንደኛው፣ ሞተሪኖው፣ ማለትም በባትሪ ኃይል ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ግን አይቀበልም። ያኔ የሚታየው ብልጭታ የሚሰጡት ካንዴላ፣ ፑንቲናና ቦቢና፣ ከዚያም ካርቡራተርና ቤንዚን ነው። ሁለተኛው፣ ሞተሪኖው ራሱ አያዞርም። ያኔ ካንዴላ ቢፈቱ ምንም አያገኙም፣ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ጋ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ «ከፍታው ነው፣ ብርዱ ነው» ይላል። የካራ ከፍታ የቤንዚንና የአየሩን ልክ ሊያዛባ ይችላል፣ ሞተሪኖን ግን ዝም አያሰኝም። የእትዬ መኪና ሁለተኛው ዓይነት ነበረባት።

እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ባትሪ ተቀይሮላታል። ሞተሪኖም ተቀይሮላታል። የነዳጅ ካቦዋ ደግሞ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ። ይህን ሁሉ ነግረውኛል። የኋላ ወንበሩን አነሳሁ፣ የቮልስ ባትሪ እዚያ ስር ነው። ቴስተሩ፣ የቮልት መለኪያዬ፣ 12.6 አነበበ። የባትሪውን ጫፎች ጠረግኩ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፣ ተነሳች። አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከርኩ፣ አንዴም አላስቸገረችኝም።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ጤነኛ ሆና ሳለች መርምሬ፣ በግምት ዕቃ ቀየርኩ። ቮልስ ላይ ሞተሪኖው ከኋላ፣ ቁልፉ ከፊት ነው። ከቁልፉ የሚሄደው ሽቦ መኪናዋን ሙሉ ያቋርጣል፣ ስለዚህ ያረጀ የቁልፍ ስዊች መንገድ ላይ ቮልት ሊያስቀር ይችላል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን አልለካሁትም። ስዊቹን ቀየርኩ፣ እትዬ ከፈሉ፣ አመስግነውኝ ሄዱ። ምስጋናቸው እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ስልኬ ጮኸ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ለገጣፎ መንገድ ዳር ቆመዋል። «ጭጭ አለች ልጄ። ልጆቹ ሊገፉልኝ ነው።»

«እትዬ፣ በገብርኤል! እንዳያስገፏት። መጣሁ» አልኳቸው።

ቴስተሬን፣ አንድ ኬብልና ረዳቴን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ስደርስ አምስት ጎረምሶች መኪናዋን ከበዋል። አንዱ እጁን ኋላዋ ላይ አሳርፎ ተዘጋጅቷል። ዝናቡ ያካፋል። አገራችን ላይ የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን ለመንኳቸው። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሚያዘው ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ከተገፋችና ከተነሳች ማስረጃው ይጠፋል። እኛ ግቢ ስትደርስ ጤነኛ የምትሆነውም ለዚያ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር።

እትዬ መሪው ጋ ተቀመጡ። «መብራት ያብሩልኝ» አልኳቸው። የፊት መብራቱ ቦግ ብሎ በራ። «አሁን ቁልፉን» አልኩ። ምንም ድምፅ የለም። መብራቱ ግን እንዳለ ነው፣ አልደበዘዘም። ባትሪው ላይ ያለው ቮልትም እምብዛም አልወረደም። የደከመ ባትሪ ቢሆን ቁልፉ ሲጠመዘዝ መብራቱ ይሞት ነበር። ይህ ማለት ባትሪው ኃይል አለው፣ ኃይሉ ግን ሞተሪኖው ውስጥ አያልፍም።

የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ኮፈኑ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ዲናሞው አካል ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አንድ መሆን ነበረባቸው። በመካከላቸው ቮልት ከታየ ከሽርፍራፊ መብለጥ የለበትም። «እትዬ፣ ቁልፉን።» ቴስተሩ 9 ቮልት አነበበ።

ረዳቴ በትከሻዬ በኩል አይቶ «አለቃ፣ ተበላሽቷል እንዴ ቴስተሩ?» አለኝ። ደግመን ለካን። 9 ነው። ከባትሪው 12 ቮልት ውስጥ አብዛኛው በቦዲውና በሞተሩ መካከል እየቀረ ነበር። ለሞተሪኖው የሚደርሰው ሦስት ቮልት እንኳ አይሞላም።

የያዝኩትን ኬብል አንድ ጫፍ ዲናሞው መያዣ ላይ ቆነጠጥኩ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ባዶ ብረት ፈልጌ ያዝኩ። «ቁልፉን!» ቱር አለችና ተነሳች። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ።

እትዬ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ፔዳሉን ደግሞ እይልኝ፣ ዛሬ ብሶበታል» አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሞተሩን አስጠፋኋቸውና ኬብሉን ነቀልኩ። ቁልፉን እንደገና እንዲጠመዝዙ ነግሬ፣ ካርቡራተሩ ጋ የሚደርሰውን የነዳጅ ካቦ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ቀጭን ነው፣ ከስክሪፕቶ ቀለም ቱቦ አይወፍርም። ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ለቀቅኩት። አቃጠለኝ። ከዝናቡ የተረፈች ጠብታ ካቦው ላይ ጢስ ብላ ጠፋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የታች አካል፣ ጋር የሚገናኙት በጎማ መቀመጫ ነው፣ ንዝረት እንዳይሰማ። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ የካምቢዮውን አፍንጫ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኝ፣ ከመዳብ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የግራውንድ ማሰሪያ አለ። ወደ ሞተሪኖው የገባው ኃይል ሁሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በሱ ነው። ማሰሪያው ሲበላሽ ኃይሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያለው ደግሞ የነዳጁና የፍሪሲዮኑ ካቦ ነው። ሞተሪኖ ከ100 አምፔር በላይ ይጠይቃል። በቀጭን ካቦ ይህ አያልፍም፣ ካቦው ይግላል፣ ቅባቱ ይደርቃል፣ ይይዛል። ፔዳሉ የሚደርቀው ለዚህ ነው። በግፊት የምትነሳበትም ምክንያት ይኸው ነው። ለካንዴላ ብልጭታ ጥቂት አምፔር ይበቃል፣ ይህን ያህሉን ካቦውም ያሳልፈዋል።

ኬብሉን መልሰን በደንብ አስረን ካራ ወሰድናት። በክሪክ አነሳናት፣ በድጋፍ አስቀመጥናት፣ ረዳቴ ባትሪ መብራት ይዞ ከስር ገባን። ማሰሪያው ላይ ጣቴን ሳሳልፍበት የተበጣጠሱ የመዳብ ክሮች ወጉኝ። ግማሹ ተቆርጧል፣ የቀረው አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ከዚህ የባሰው የታሰረበት ቦታ ነበር። ከዓመት በፊት ካምቢዮው ለጥገና ወርዷል። ከዚያ ሆዷ ዝገት እንዳይዛት ጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል። ማሰሪያው በሬንጁ ላይ ነው የተጠበቀው። ብረት ከብረት የሚነካው በብሎኗ ጥርስ ብቻ ነበር። መኪናዋ ስትነቃነቅ አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ይለቃል። ተገፍታ፣ በካራ ኮብልስቶን ተንቀጥቅጣ እኛ ጋ ስትደርስ ድና የምታታልለን ለዚህ ነው።

ረዳቴን ሶማሌ ተራ ላክሁት። ወፍራም የተጎነጎነ ማሰሪያ ይዞ መጣ። ዋጋው ከተቀየረው ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም። ሬንጁን ፋቅን፣ ሻንሲውንም ካምቢዮውንም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ጠረግን። በ13 ቁልፍ አጠበቅን፣ ከላይ ውሃ እንዳይገባ ግሪስ ቀባን። የነዳጁን ካቦም ቀየርን። የአሁኑ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ከዚያ ያንኑ ልኬት ደገምኩ፣ ኮፈኑ ብሎንና ዲናሞው ላይ። ሞተሪኖው እያዞረ ቴስተሩ 0.1 አነበበ።

አሁን ማንም ደንበኛ ሲመጣ ቀድሜ ቁልፉን አልቀበልም። «ሌላስ ምን ያስቸግርዎታል?» እላለሁ። የማይገናኝ የመሰለኝንም እጽፋለሁ። ረዳቴንም አስለምጄዋለሁ። ሳይለካ ዕቃ እንዲፈታ አልፈቅድለትም፣ ደንበኛው ቢቸኩልም። ሰው በጡረታ ገንዘቡ የእኛን ግምት መክፈል የለበትም።

እትዬ በማግስቱ መጡ። የቁልፉን ስዊች ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። ያልተበላሸ ዕቃ እንደቀየርኩባቸው፣ ፔዳሉን ሲነግሩኝ እንዳልሰማኋቸውም ነገርኳቸው። ፖስታውን አገላብጠው አዩት። መሪው ጋ ገብተው ተቀመጡና ፔዳሉን ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ረገጡት፣ ለቀቁት።

«ላባ ሆኗል» አሉ። ከዚያ ፖስታውን መለሱልኝ። «በዚህ ዘይት ቀይርልኝ።»

ቮልስ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ይበቃታል። ቀየርኩላቸው፣ የተረፈውን ገንዘብ ከነፖስታው ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።